ናሩቶም ለራሱ ነበር የሮጠው

ስለ «ናሩቶ» (የጃፓን የሥዕል ታሪክ) ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ ሁለቱን የኒንጃ ጓደኛሞች፣ ሳስኬን «ራስ ወዳድ ከሃዲ»፣ ናሩቶን ደግሞ «ንጹሕ ወዳጅ» ብሎ ከፍሏቸዋል። እኔ አልተዋጠልኝም። ሳስኬ ራስ ወዳድ መሆኑን ማን ይክዳል? ወንድሙን ኢታቺን የሚገድልበት ጉልበት ፍለጋ መንደሩን ጥሎ ወደ መንደሩ ጠላት ወደ ኦሮቺማሩ ሄደ። የቡድን ጓደኛቸው ሳኩራ እንዳይሄድ እያለቀሰች ስትለምነው «አመሰግናለሁ» ብሎ፣ ራሷን አስቶ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ትቷት ነው የወጣው። (እስካሁን ያበሽቀኛል።)

ናሩቶስ? ወላጅ አልባ፣ መንደሩ ሁሉ ሲሸሸው ያደገ ልጅ ነው። ሳስኬን ማጣት ለሱ ወደዚያ ብቸኝነት መመለስ ነው። ሳስኬን ሊመልስ የሮጠው ለሳኩራ «እመልሰዋለሁ» ብሎ ቃል ስለገባ ብቻ አይደለም። ሳስኬ «ተወኝ» እያለው አልተወውም እኮ! ታማኝነት ነው ወይስ ድርቅና? ሁለቱም ይመስለኛል።

ከመጀመሪያው ትልቅ ፍልሚያቸው በኋላ ያለውን አስታውሱ። ሳስኬ «ግንባሬን እንኳ አትጭርም» ብሎ ፎክሮ ነበር። ግንባሩ ላይ ያሰረው የኒንጃ መታጠቂያ ብረት ላይ ግን ጭረት አለች። ዝናቡ እየወረደ፣ ናሩቶ ራሱን ስቶ ተዘርሮ፣ ያ መታጠቂያ አጠገቡ ቀረ። ሳስኬ የቅርብ ጓደኛውን ቢገድል ኢታቺ የነገረውን ኃይል ያገኝ ነበር። አልገደለውም። ለናሩቶ አዝኖ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ወንድሙ ባሳየው መንገድ አልሄድም የሚል እልህ ይዞት ነው እምቢ ያለው።