ሺህ እንቁላል የምትጥል ጉርጥ መንገድ ይጎዳታል ወይ?

ሁለቱም የጎንደር ሰዎች ናቸው፤ አንዷ የመንገድ መሐንዲስ፣ አንዱ የባዮሎጂ መምህር። የሚከራከሩት ከአዘዞ ወደ ጎርጎራ በሚወስደው ዓይነት መንገድ ላይ ለእንቁራሪትና ለጉርጥ መሻገሪያ ገንዘብ ይውጣ ወይስ አይውጣ በሚለው ነው።

መሐንዲሷ፦ መምህር፣ ክረምት ማታ በደምቢያ ሜዳ የነዳ ሁሉ ያውቀዋል። ዝናቡ ጋብ ሲል ጉርጡ አስፋልት ላይ ይወጣል፣ ጠዋት የተለጠፈ ቆዳ ነው የሚቀረው። አልክድም። ግን አንዷ ጉርጥ በአንዴ በሺህ የሚቆጠር እንቁላል እንደ ክር ውሃ ውስጥ ትዘረጋለች። የኩሬው ምግብ ውስን ስለሆነ ደግሞ እንቁላሉ ሲያንስ የተፈለፈሉት የማደግ ዕድላቸው ይጨምራል፤ ጉድለቱ ይሞላል። ብር ካለ ለማይበዙት ይውጣ። የባሌዋን ትንሽ ጉርጥ ይውሰዱ፤ ከባሌ ተራሮች ሌላ የትም የለችም፣ የምትጥለውም ጥቂት ትልልቅ እንቁላል ነው፣ ያውም እርጥብ መሬት ላይ። ከጎባ ደሎ መና የሚሄደው መንገድ ከ4,000 ሜትር በላይ ያለውን የሳነቴን አምባ ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው። እዚያ ጥቂት ከሞቱ ቶሎ የሚተካ የለም።

መምህሩ፦ ለባሌዋ ቅድሚያ ብትሰጪ አልጣላሽም እህቴ። ግን አንድ ነገር ዘለልሽ። እሷ እንቁላል ለመጣል ኩሬ ፍለጋ አትሄድም። የእኛዋ ትሄዳለች። በጋውን ስንጥቅ ውስጥና ድንጋይ ሥር ከርማ፣ ዝናብ ሲገባ ወደ ውሃው ትነሳለች፤ መንገዱ መሀል ላይ ካለ መሻገር ግድ ነው፣ ስትመለስም እንደገና። በጎማ የምትሞተው እኮ ሆዷ የሞላ ሴት ናት! ያ ሁሉ እንቁላል አብሯት አስፋልት ላይ ይቀራል። ብዛቱ የሚያድናት ኩሬው ጋ ከደረሰች ነው።

መሐንዲሷ፦ መንገድ ውሃም ይሰጣል። ሐምሌ ላይ የመንገድ ዳር ቦዩን ይዩት፣ ጥቁር ጥቁር ባለ ጭራ ግልገል ይርመሰመስበታል።

መምህሩ፦ አይቻለሁ። ዝናቡ ለጥቂት ቀን ካቋረጠ ግን ቦዩ ይደርቃል፤ እግር ሳያወጡ ጭቃው ላይ ይቀራሉ። ከአስፋልቱ የሚታጠበው ዘይትና ናፍጣም የሚወርደው እዚያው ነው። ድምፁንም አትርሺ። ሴቷ ወንዱን የምታገኘው በጩኸቱ ነው፤ አይሱዙው ሲመላለስ ጥሪው ይዋጣል።

መሐንዲሷ፦ ይሁን። ግን ነፍሰ ጡር በቃሬዛ የሚሸከም ቀበሌ እያለ በየኪሎ ሜትሩ የጉርጥ መሻገሪያ አልሠራም።

መምህሩ፦ በየኪሎ ሜትሩ ማን አለ? ለጎርፉ ብለሽ ካልቨርት፣ ውሃ ከመንገዱ ሥር የሚያሳልፈውን ቱቦ፣ መሥራትሽ አይቀርም። ኩሬ አጠገብ ያለውን ብቻ ምረጪ። አፉን ከቦዩ ወለል እኩል አድርጊው፤ ከፍ ብሎ ከተንጠለጠለ ጉርጥ አትወጣውም። ከግራና ከቀኝ ጉልበት የማይደርስ የድንጋይ ግንብ ብታስጠጊለት ደግሞ ወደ ቱቦው ይመራታል። ድንጋዩ እንደሆነ እዚያው አለ።

መሐንዲሷ፦ የካልቨርቱን አፍ እቀበላለሁ፣ ወጪውም ያን ያህል አይደለም። ግንቡ ግን ደለል ይይዛል። በየክረምቱ የሚጠርገው ሰው በጀት ካልተያዘለት አላስገነባውም።