የኪምበርሊ ኳየሮች የፈረንጅ ኮፒ አልነበሩም

ዱሮ በቅኝ ግዛት ስር የነበሩ አፍሪካውያን ኮት ከነከረባቱ፣ ረጅም ቀሚስ ከነጓንቱ ለብሰው ተሰልፈው ሲዘምሩ የሚያሳይ ፎቶ ባየን ቁጥር እኛ ሐበሾች የምንላት ነገር አለች፣ "እነዚህማ ማንነታቸውን ጥለው ፈረንጅ የሆኑ ናቸው፣ እኛ ግን አልተገዛንም"። ይሄ አነጋገር እውነት ለመናገር ያመኛል። አለመገዛታችን ያኮራኛል፣ እሱ ላይ ጥያቄ የለኝም፣ ግን እነዛ ሰዎች ምን እየሰሩ እንደነበር ሳናውቅ ነው የምንፈርድባቸው፣ ይባስ ብሎ ደግሞ ከነሱ አንዷ የኛን ስም አሜሪካ ድረስ ላገናኘ ነገር ምክንያት የሆነች ሴት ናት፣ እኛ ግን ስሟን እንኳን አናውቀውም።

ኪምበርሊን እንውሰድ (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ያለች የአልማዝ ከተማ ናት። በ1871 አልማዝ የተገኘበት ኮረብታ በአካፋና በዶማ ተቆፍሮ ተቆፍሮ ዛሬ "ትልቁ ጉድጓድ" የሚሉት 240 ሜትር ያህል የወረደ ገደል ሆነ፣ አካባቢው በ1880 ኬፕ ወደሚባለው የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ተጠቃለለ፣ በ1882 ጎዳናዎቿ የኤሌክትሪክ መብራት ገባላቸው፣ ያን ጊዜ ይሄ ብዙ የአውሮፓ ከተሞች ያልነበራቸው ነገር ነው። ከ1885 ጀምሮ ግን ጥቁር የማዕድን ሰራተኞች አልማዝ ይሰርቃሉ ተብለው ኮንትራታቸው እስኪያልቅ ድረስ በታጠረ ግቢ ውስጥ ይዘጋባቸው ጀመር። መብራቱም አጥሩም አንድ ከተማ ውስጥ ነው ያሉት።

እዛችው ከተማ ውስጥ ደግሞ ሌላ አይነት ጥቁር ማህበረሰብ ነበር። ሚሽን ትምህርት ቤት የተማሩ፣ የቴሌግራም መልእክተኞች፣ የፖስታ ቤት ጸሐፊዎች፣ የፍርድ ቤት አስተርጓሚዎች፣ አስተማሪዎች። ኋላ ላይ ትልቅ ደራሲና ፖለቲከኛ የሆነው ሶል ፕላኪ በ1894 እዚህ ከተማ ሲመጣ የቴሌግራም አድራሽ ሆኖ ነው የተቀጠረው። እነዚህ ሰዎች ክሪኬት ይጫወታሉ፣ የክርክር ማህበር አላቸው፣ ቤተክርስቲያን አላቸው፣ ከሁሉም በላይ ግን ኳየር አላቸው። ማታ ከስራ በኋላ ይለማመዳሉ፣ ኮንሰርት ያዘጋጃሉ፣ ቲኬት ይሸጣሉ፣ ገቢው ለቤተክርስቲያን ወይም ለትምህርት ቤት ይሆናል።

እንዴት ነው የሚማሩት ለሚል ሰው፣ ቶኒክ ሶል-ፋ በሚባል ዘዴ ነው። አምስት መስመር ላይ የሚጻፈውን ኖታ ትተው ዶ ሬ ሚን በፊደል ብቻ ነው የሚጽፉት፣ ስለዚህ ፒያኖ የለም ብሎ ነገር የለም፣ የኖታ ማተሚያም አያስፈልግም፣ ወረቀትና እርሳስ ወይም ጥቁር ሰሌዳ ካለ አንድ አስተማሪ ብዙ ሰው በአራት ድምፅ ያዘምራል። ዘዴው ከእንግሊዝ የመጣ ነው። ግን የእኛ ሊቃውንት ድጓው ላይ ከቃሉ በላይ ጥቃቅን ፊደል እየጻፉ ዜማ የሚያመለክቱበትን ምልክት የሚያውቅ ሰው በፊደል መዝፈን ምን ያህል አቅም እንዳለው ይገባዋል። ጆን ኖክስ ቦክዌ የሚባል የላቭዴል ሚሽን ሰው በዚህ ፊደል ተጠቅሞ በ1821 የሞተውን የኮሳ መዝሙር ደራሲ የንትሲካናን መዝሙር ጽፎ አሳተመው፣ ከዛ በፊት በቃል ብቻ ሲወርድ የነበረ ነገር ነው። በሌላ ሰው ዘዴ የራስን መጻፍ ማለት ይሄ ነው፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ዛሬም ብዙ ኳየሮች በዚሁ ፊደል ነው የሚማሩት።

ሌላው ሰዎች የማያዩት ነገር ደግሞ አንድ ኳየር ውስጥ ኮሳ አለ፣ ሶቶ አለ፣ ጽዋና አለ፣ ቋንቋቸው የተለያየ ሰዎች ናቸው፣ ሊቀመንበር ይመርጣሉ፣ መዋጮ ይሰበስባሉ፣ ሰዓት ያከብራሉ፣ አዳራሽ ይለምናሉ ወይ ይከራያሉ። ጊዜው ደግሞ በኬፕ ጥቁር ሰው የመምረጥ መብቱ እየጠበበ የሚሄድበት ነው፣ በ1892 ለመምረጥ የሚያስፈልገው የንብረት ግምት ከ25 ፓውንድ ወደ 75 ፓውንድ ከፍ አለ፣ ማንበብና መጻፍም መስፈርት ሆነ። እንዲህ ባለ ጊዜ ህዝብ ፊት ቆሞ "እኛ ሙሉ ሰው ነን፣ ይሄንን እንችላለን" ማለት ለኔ ፖለቲካ ነው፣ ኮፒ ማድረግ ብቻ ነው ለሚሉኝ አልስማማም።

በ1890 ደግሞ ከአሜሪካ ኦርፊየስ ማካዱ የሚባል በባርነት የተወለደ፣ ሃምፕተን የተማረ ጥቁር ሰው የጁቢሊ ዘማሪዎቹን ይዞ ደቡብ አፍሪካ ገባ። ስፒሪቹዋል ይዘፍናሉ፣ የባርነት ዘመን መዝሙር ማለት ነው። ነጩም ጥቁሩም አዳራሽ ሞላ፣ የነጮቹ የትራንስቫል ሪፐብሊክ ፕሬዚዳንት ክሩገር ራሱ ሲሰማቸው አለቀሰ ተብሎ ተዘግቧል። ማካዱ ግን የሚያየውን አልደበቀም፣ እዚህ አገር ጥቁሩ የሚያዝበት አያያዝ አሜሪካ ጆርጂያ ውስጥ ባርያ ይያዝበት ከነበረው አይሻልም ብሎ ለተማረበት ትምህርት ቤት ጽፏል። የኪምበርሊ ልጆች እነዚህን ሰዎች ሲያዩ ምን እንዳሉ መገመት አይከብድም፣ እነሱ ዘምረው ዓለምን ከዞሩ እኛስ?

ከዛ ነው በ1891 "ዘ አፍሪካን ኳየር" የሚባለው 16 ሰው ይዞ ወደ እንግሊዝ የሄደው፣ ከነሱ ውስጥ ሻርሎት ማንዬ የምትባል የኪምበርሊ አስተማሪና እህቷ ኬቲ ነበሩ፣ ሁለት ትንንሽ ልጆችም አብረው ነበሩ። ዓላማው ተብሎ የተነገረው አገር ቤት የእጅ ሙያ ትምህርት ቤት ለማሰራት ገንዘብ ማሰባሰብ ነው። ለንደን ያለው ክሪስታል ፓላስ የሚባል ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ዘመሩ፣ በጁላይ ወር ዋይት ደሴት ላይ ባለው ኦስቦርን ቤተመንግስት ንግስት ቪክቶሪያ ፊት ዘመሩ።

እዚህ ጋ ግን የሚያናድደኝን ልናገር። ኮንሰርቱ ለሁለት የተከፈለ ነበር፣ በአንደኛው ክፍል ቆዳና ብርድልብስ ለብሰው በአፍሪካ ቋንቋ ይዘምራሉ፣ በሁለተኛው ክፍል የቪክቶሪያ ዘመን ልብስ ለብሰው በእንግሊዝኛ። አስተማሪዎች ናቸው እኮ፣ ቤታቸው ቆዳ ለብሰው አይውሉም፣ ግን የለንደን ህዝብ ትኬት የሚገዛው "አረመኔ ሲሰለጥን" ለማየት ስለሆነ ያንን ማሳየት ነበረባቸው። ስለዚህ የውሸቱ ልብስ የትኛው ነበር ብለን ብንጠይቅ ጥሩ ነው፣ እኛ ፎቶውን ስናይ ቆዳውን "እውነተኛ ማንነት" ኮቱን "ኮፒ" ብለን ከፈረድን የምንፈርደው ያኔ ትኬት እንደገዛው ሰው ነው። በነገራችን ላይ ፎቶዎቹ የለንደን ስቴሪዮስኮፒክ ካምፓኒ ያነሳቸው ናቸው፣ የመስታወት ኔጌቲቮቹ ከ120 ዓመት በላይ ማህደር ውስጥ ተቀምጠው በ2014 ለንደን ላይ ለህዝብ ታዩ። ከዘማሪዎቹ አንዷ ኤሌኖር ሺኒዌ ጭንቅላቷን ጠምጥማ ቀና ብላ ወደ ላይ የምታይበትን ፎቶ ያየ ሰው ይሄ የተሸነፈ ሰው ፊት ነው አይልም።

ሻርሎት ለንደን ላይ ለአንድ መጽሔት የተናገረችውም አለ። እዚህ እንደ ሰው እንታያለን፣ እዛ ግን እንደ ከብት ነን፣ ኬፕ ያሉ ሰዎቻችሁን እንደናንተ ደግና ፍትሃዊ ማድረግ አትችሉም ወይ ብላ ጠየቀች፣ ለህዝባችን ትምህርት ቤት ስሩልን፣ መጠጥ ቤቶቹን ዝጉልን አለች። የሃያ ዓመት ገደማ ልጅ ናት ይሄን የምትለው፣ በቅኝ ገዢው አገር፣ በቅኝ ገዢው ጋዜጠኛ ፊት።

ገንዘቡ ግን አልተገኘም። ጉዞውን የሚመሩት ነጭ ማኔጀሮች ነበሩ፣ ሒሳቡም በነሱ እጅ ነው፣ መጨረሻ ላይ ዘማሪዎቹ ለንደን ላይ ያለ ገንዘብ ቀሩ። እስከዛ ድረስ ስንት ቲኬት ተሽጧል፣ ስንት አዳራሽ ሞልቷል፣ ትምህርት ቤቱ ግን የለም። ሲዘምሩ የነበሩት ሰዎች ደካማ ስለሆኑ አይደለም፣ ሒሳብ መዝገቡ እጃቸው ስላልነበረ ነው። ይሄ ነገር በአርት አለም ውስጥ ዛሬም ያለ ነው፣ ውጭ አገር ለኮንሰርት ተወስዶ ሳይከፈለው የቀረ ዘፋኝ የማያውቅ ሐበሻ ያለ አይመስለኝም።

ሻርሎት ተስፋ አልቆረጠችም፣ ሁለተኛ ጉዞ ወጣች፣ ካናዳና አሜሪካ፣ እዛም ኳየሩ ክሊቭላንድ ኦሃዮ ላይ ገንዘብ አልቆበት ተበተነ። ግን እዚህ ጋ ነው ታሪኩ የሚዞረው፣ ኤኤምኢ የሚባለው የጥቁር አሜሪካውያን ቤተክርስቲያን ሰዎች ረዷት፣ ዊልበርፎርስ ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ ታዋቂው ጥቁር አሜሪካዊ ምሁር ዱቦይስ ራሱ እዛ አስተምሯል። ከዛ ሆና ለእህቷ ለኬቲ ደብዳቤ ጻፈች። ደብዳቤው ማንጌና ሞኮኔ እጅ ገባ፣ እሱ ማለት በ1892 ፕሪቶሪያ ላይ የነጮች የበላይነት ሰልችቶት ከሜቶዲስት ወጥቶ ቤተክርስቲያን የመሰረተ ቄስ ነው፣ የቤተክርስቲያኑ ስም ማን ነበር? የኢትዮጵያ ቤተክርስቲያን። "ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች" ከሚለው መዝሙር የተወሰደ ነው። ብዙ ሰው ስሙ ከአድዋ በኋላ የመጣ ይመስለዋል፣ አይደለም፣ ከአድዋ አራት ዓመት በፊት ነው። ሞኮኔ በደብዳቤው ምክንያት በ1895 ለአሜሪካው ጳጳስ ለተርነር ጻፈ፣ በ1896 ሁለቱ ቤተክርስቲያኖች ተዋሃዱ፣ ልክ በዛው ዓመት ምኒልክ አድዋ ላይ አሸነፉ፣ ከዛ በኋላ የደቡብ አፍሪካ ባለስልጣናት "ኢትዮጵያኒዝም" የሚለውን ቃል፣ ማለትም ጥቁሮች ከነጮች ቤተክርስቲያን ወጥተው የራሳቸውን የሚመሰርቱበትን እንቅስቃሴ፣ በፍርሃት ይጠሩት ጀመር። እንግዲህ ያ ሁሉ ግንኙነት የመጣው ገንዘብ አልቆበት ከተበተነ ኳየር ነው።

እዚህ ጋ የሚነሳ ትክክለኛ ትችት አለ፣ አልሸሸውም። እነዚህ ጥቂት የተማሩ ሰዎች ናቸው፣ አጥሩ ውስጥ የተዘጋበት ማዕድን ቆፋሪ ኮንሰርት አልታደመም፣ የሱ ዘፈን ሌላ ነበር፣ ከተማሩት ውስጥም እሱን ዝቅ አድርጎ የሚያይ ነበር። ይሄ እውነት ነው። ግን ድምፁ አጥሩ ውስጥ ሳይገባ አልቀረም፣ የጁቢሊ ዘማሪዎቹ አዘፋፈን ከዙሉ ስደተኛ ሰራተኞች ዜማ ጋር እየተቀላቀለ ቆይቶ ዛሬ እኛ ሌዲስሚዝ ብላክ ማምባዞ በሚባለው የደቡብ አፍሪካ ቡድን የምናውቀው ያለ መሳሪያ የሚዘፈን ዘፈን ውስጥ አለ።

በ1897 ኢኖክ ሶንቶንጋ የሚባል የጆሃንስበርግ አስተማሪና የኳየር መሪ "ንኮሲ ሲኬሌል ኢአፍሪካ" (እግዚአብሔር አፍሪካን ይባርክ) የሚለውን መዝሙር ደረሰ። በ1912 ኋላ የማንዴላ ፓርቲ ኤኤንሲ የሆነው ድርጅት ሲመሰረት ተዘመረ፣ በ1923 ፕላኪ ለንደን ላይ በሸክላ ቀዳው፣ ዛሬ የደቡብ አፍሪካ ብሔራዊ መዝሙር ግማሹ እሱ ነው። ሻርሎት ደግሞ ዲግሪዋን ይዛ ተመልሳ፣ ማክሴኬ የሚል የባል ስም ይዛ፣ በ1918 የጥቁር ሴቶች ሊግ መሰረተች።

እኔ የምለው በየዓመቱ የአድዋ በዓል ሲደርስ መድረክ ላይ ወጥታችሁ አድዋ ለጥቁር ህዝብ ምን እንደነበረ የምትናገሩ ሰዎች፣ ጋርቬይን ትጠራላችሁ፣ ንክሩማን ትጠራላችሁ፣ ደግ ነው፣ የዘንድሮው ንግግር ላይ ሻርሎት ማክሴኬንም ጥሩልን። የታሪክ አስተማሪዎችም ያንን የ1891 ፎቶ ክላስ ውስጥ አሳዩና ተማሪው ከመፍረዱ በፊት በቆዳው ልብስና በኮቱ መካከል የነበረውን የትኬት ገንዘብ ማን እንደያዘው ንገሩት።