ለአርባ ሰው ቢሮ 128 ኮር ምን ሊሠራ?

ሰርቨር ሲገዛ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ስንት ኮር ነው?» ሆኗል። ኮር ማለት ፕሮሰሰሩ ውስጥ ሥራውን የሚሠራው ክፍል ነው። በዛ ካለ ጥሩ ነው፣ አነስ ካለ «ይሄማ አይበቃንም» ይባላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ባሕር ዳር ላለ ሆቴል፣ ክሊኒክ፣ ኅብረት ሥራ ማኅበር ወይም መካከለኛ ፋብሪካ ጥቂት ግን ፈጣን ኮሮች ያሉት አንድ ፕሮሰሰር ይበልጣል። የተረፈው ብር ለኤስኤስዲ (ለፈጣን ዲስክ) እና መብራት ሲሄድ ሰርቨሩን በባትሪ ለሚያቆየው ዩፒኤስ ይሁን።

በቅርቡ ያየሁት ፕሮፎርማ ጥሩ ማሳያ ነው። ሁለት ባለ 64 ኮር ኢፒክ፣ ማለትም የኤኤምዲ ኩባንያ የሰርቨር ፕሮሰሰር፣ በድምሩ 128 ኮር። ተጠቃሚው አርባ ሰው ቢሆን ነው። ሥራውስ? ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌር፣ የደመወዝ ሶፍትዌር፣ አንድ ትንሽ ዳታቤዝ፣ ፋይል ማስቀመጫ። የሒሳብ ሠራተኛዋ ሪፖርት ስታወጣ የሚለፋው በአብዛኛው አንድ ኮር ነው፣ ሌሎቹ 127 ቁጭ ብለው ያያሉ። ይባስ ብሎ ለእያንዳንዱ ፕሮሰሰር የተጻፈለት ሁለት ፍሬ ራም ብቻ ነው፤ ያ ኢፒክ ግን 12 የራም ቻናል (ከራም ጋር መረጃ የሚለዋወጥበት መስመር) አለው፣ አሥሩ ባዶ ሊቀመጥ ነው ማለት ነው!

ጉዱ የሚመጣው ደግሞ የሶፍትዌር ፈቃድ ላይ ነው። ዊንዶውስ ሰርቨር ከ2016ቱ ስሪት ጀምሮ የሚሸጠው በኮር ተቆጥሮ ነው፣ ለአንድ ሰርቨር ትንሹ 16 ኮር። 128 ኮር ያለው ማሽን የዚያን 8 እጥፍ ያስከፍላል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሬው ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዶላር በብር ከእጥፍ በላይ ጨምሯል፣ ስለዚህ ቁጭ ብሎ ለሚያይ ኮር ፈቃድ መክፈል ቀልድ አይደለም።

መብራቱንም አስቡት። የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ አፍንጫችን ሥር ሆኖ መብራት ይሄዳል፣ ምን ይደረጋል። እንዲህ ያለው ባለ 64 ኮር ኢፒክ አንዱ 360 ዋት ነው፣ ሁለቱ 720። ጀነሬተሩ እስኪነሳ ይህን ሁሉ የሚሸከመው ዩፒኤሱ ነው። በሌላ በኩል ኢፒክ 4004 በሚባለው ቤተሰብ ውስጥ 65 ዋት ብቻ የሚወስድ፣ ፍጥነቱ ከ5 ጊጋኸርትዝ የሚያልፍ ባለ 8 ኮር አለ፤ ራሙም እስከ 192 ጊጋባይት ይሄዳል፣ ለዚያ ቢሮ ከበቂ በላይ።

ሻጮች የማያነሱት ሌላ ነገር አለ፦ ከፍታ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ማራገቢያው ይዞት የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። አሽሬ የሚባለው የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር ኤ2 ብሎ ለመደባቸው ሰርቨሮች የሚገባው አየር እስከ 35 ዲግሪ እንዲሞቅ ይፈቅዳል፣ ከ900 ሜትር በላይ ግን በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ቀንሱ ይላል። እኛ ጋ 32 ላይ አለቀ። ሚያዝያ ላይ ኤሲው የተበላሸበት ክፍል ውስጥ የገባ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

ኮር ማብዛት ሁሌ ጥፋት ነው አላልኩም። በመቶ የሚቆጠር ቨርቹዋል ማሽን (በአንድ ሰርቨር ውስጥ ራሱን እንደቻለ ኮምፒውተር የሚሠራ) የሚያከራይ ዳታ ሴንተር ብዙ ኮር በአንድ ሳጥን ውስጥ ቢያጭቅ ቦታም መብራትም ይቆጥባል። ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣው እስከ 192 ኮር የሚደርስ ኢፒክም ሆነ የኢንቴል ባለ 144 ኮር ዚዮን 6 የተሠሩት ለእንዲህ ያለው ሥራ ነው። የኛ ቢሮ እነሱን አይቶ ሲገዛ ግን ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይሆናል።

ስለዚህ ጨረታ የምታወጡ ሰዎች፣ ስፔስፊኬሽኑ ላይ የኮር ቁጥር ከመጻፋችሁ በፊት የወሩ መጨረሻ ቀን፣ ሁሉም ሪፖርት ሲያወጣ፣ አሁን ያላችሁን ሰርቨር ታስክ ማናጀር ክፈቱ። ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ተሰቅሎ ሲፒዩው (ፕሮሰሰሩ) ከተኛ የሚያስፈልጋችሁ ኤስኤስዲ ነው። ሲፒዩው 12 በመቶ አካባቢ ላይ ተቸክሎ ከቀረ ደግሞ እያንዳንዱን ኮር ለየብቻ እዩ። ባለ 8 ኮር ማሽን ላይ አንዱ ኮር ብቻውን ሲለፋ አጠቃላዩ የሚያሳየው 12 ነው፣ ያኔ ፈጣን ኮር ግዙ።