ለተከበሩ አቶ ሪስታርት

ለ፦ አቶ ሪስታርት
ባሉበት ሰርቨር ክፍል

ጉዳዩ፦ ሟች ሳይመረመር መቅበርዎን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰነበቱ? እርስዎ መቼም ጤና ነዎት፤ የሚታመመው ሰርቨሩ ነው። «አጥፍተህ አብራው» የምትለው ቃል ከአፍ ሳትወጣ ከች ይላሉ፣ የሎግኢን ገጹ ብቅ ይላል፣ የአለቃ ፊት ይፈታል፣ ትኬቱ «ተስተካክሏል» ተብሎ ይዘጋል። ምኑ እንደተስተካከለ ግን የሚጠይቅ የለም። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ያው ሰርቨር በጠራራ ፀሐይ ድጋሚ ክልትው። እርስዎም ድጋሚ ከች። ጥፋቱ እንደ ልማዱ በመብራት ይሳበባል፤ ዩፒኤሱ አንዴም ሳይጮህ።

ለመሆኑ በመጡ ቁጥር ምን ጠራርገው እንደሚሄዱ ያውቃሉ? የሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) በወደቀባት ቅጽበት ሜሞሪው ውስጥ ሁሉ ነገር አለ፦ የትኛው ፕሮሰስ (እየሠራ ያለ ፕሮግራም) የትኛው ሲፒዩ ላይ እንደነበር፣ ማን የማንን ሎክ (አንዱ ሲሠራ ሌላውን የሚያስጠብቅ ቁልፍ) ይዞ እንደቆመ፣ ዲስክ ላይ ለመውረድ ጊዜ ያላገኘው የከርነሉ የመጨረሻ ኑዛዜ ሳይቀር። ‹ቫር ሎግ ሜሴጅስ› ላይ የሚገኘው ከሞቱ በፊት የነበረ ሰላማዊ ወሬ ነው። ከእሱ ቀጥላ ያለችው መስመር እርስዎ ማሽኑን ሲያስነሱ የተጻፈች ናት። በሁለቱ መካከል የነበረውን እርስዎ በልተውታል።

የሜሞሪው ቅጂ (ዳምፕ) «ኮር» የሚባለው ሜሞሪ ከጥቃቅን የማግኔት ቀለበቶች ይሠራ ከነበረበት ዘመን በቀረ ስም ነው። እነዚያ ቀለበቶች ኃይል ቢቋረጥባቸው እንኳ ያዩትን አይረሱም ነበር። የዛሬው ሜሞሪ እርስዎን ገና ከሩቅ ሲያይ ነው ሁሉን የሚረሳው።

እርስዎን ለመቅደም የተፈጠረ አንድ አገልግሎት እንዳለ ሰምተው ይሆናል፤ ኬዳምፕ ይባላል። ማሽኑ ሲነሳ ‹ክራሽከርነል› በምትባል የቡት መስመር ከሜሞሪው ጥቂት ተቆርጦ ይቀመጥና እዚያ ውስጥ ትንሽዬ ሁለተኛ ከርነል ተጭና ትተኛለች። ዋናው ፓኒክ ሲያደርግ (መቀጠል አቅቶት ራሱን ሲጥል) በባዮስ በኩል ሳይዞር በቀጥታ እሷ ትነቃለች፣ የሟቹን ሜሞሪ ‹ፕሮክ ቪኤምኮር› በሚል ፋይል በኩል ታየዋለች፣ ‹ሜክዳምፕፋይል› የሚባለው መሣሪያ አጣርቶና ጨምቆ ‹ቫር ክራሽ› ሥር ያኖረዋል። ከዚያ በኋላ እርስዎን ራሷ ትጠራዎታለች። ተራ መጠበቅ ማለት ይህ ነው።

ወዳጆችዎ ግን ለዚህች የምትቆረጠውን ሜሞሪ ይሳሳሉ። ሬድ ሃት 9 ላይ መደበኛው ልክ ከ4 እስከ 64 ጊጋባይት ላለው ማሽን 256 ሜጋባይት፣ ከዚያ በላይ ላለው 512 ሜጋባይት ነው። 256 ጊጋባይት ከያዘ ሰርቨር ላይ ግማሽ ጊጋ ሲጠየቁ «ብክነት ነው» ብለው መስመሯን ይሰርዛሉ። በሬ አርዶ በጨው መቆጠብ! ወይም ደግሞ በአሮጌ ልምድ አሳንሰው ይቆርጡላትና ትንሿ ከርነል በተነሳች በሰከንዶች ውስጥ ሜሞሪ አልቆባት ትሞታለች። ሊገንዝ የመጣው ራሱ አስከሬን ሆኖ ይገኛል።

አብርተው የማይሞክሩትም አሉ። ‹ሲስ ከርነል› ሥር ያለው ‹ኬኤግዜክ ክራሽ ሎድድ› የሚባለው ፋይል 1 ካላለ ሁለተኛዋ ከርነል የለችም። 1 ቢልም አያስተማምንም። በቀጠሮ ሰዓት፣ ተጠቃሚ በሌለበት፣ በሩት (በዋናው አስተዳዳሪ ስም) ገብቶ ‹ፕሮክ ሲስአርኪው ትሪገር› ላይ አንዲት ‹ሲ› ፊደል መጻፍና ማሽኑን ሆን ብሎ መጣል፤ ሲነሳ ‹ቫር ክራሽ› ሥር 127.0.0.1ን እና ቀኑን የያዘ ፎልደር አለ ወይ ብሎ ማየት። ያን ቀን ነው ጉዱ የሚወጣው፦ ዲስኩ ሞልቶ ፋይሉ ‹ኢንኮምፕሊት› የሚል ቅጽል ለብሶ ይገኛል፣ አለዚያም የኬዳምፑ ኢኒትራምኤፍኤስ (ትንሿ ከርነል ይዛው የምትነሳው የፋይል ጥቅል) የስቶሬጁን ድራይቨር ሳይዝ ቀርቶ ፎልደሩ ራሱ የለም። ዲስኩ እንዳይሞላ ማጣሪያው ላይ ‹ዲ 31› ይጻፋል፤ ድምር ነው፦ 1 በዜሮ ብቻ የተሞሉ የሜሞሪ ገጾችን፣ 2 እና 4 የፋይል ካሽን፣ 8 የፕሮግራሞቹን የራሳቸውን ሜሞሪ፣ 16 ነፃ ገጾችን ያስጥላል። ለከርነል ምርመራ የቀረው ይበቃል። የአፕሊኬሽኑን ሆድ ዕቃ ማየት የፈለገ 8ቷን ይቀንስና 23 ይጻፍ፣ ዲስክም ያዘጋጅ።

የእርስዎ ግብረ አበሮች ግን ይህ ሁሉ ተሟልቶ እንኳ አይተኙም። ክላስተር (በአንድነት የሚሠሩ ሰርቨሮች ስብስብ) ውስጥ ጎረቤቱ ሰርቨር «ይሄ ሰው ድምፁ ጠፋ» ብሎ፣ ዳምፑ ገና ሲጻፍ፣ በፌንሲንግ (የተበላሸ የመሰለውን ከስብስቡ በማግለል) ኃይሉን ይቆርጥበታል። ‹ፌንስ ኬዳምፕ› የሚባለው ኤጀንት የተሠራው «ቆይ፣ እየጻፍኩ ነው» የሚል መልእክት ለጎረቤት እንዲያደርስ ነው። ሃርድዌር ዋችዶግም (ማሽኑ ዝም ሲል በራሱ ሪስታርት የሚያደርግ ሰዓት ቆጣሪ) እንዲሁ ጊዜው አልቆ ያቋርጣል። ከሁሉ የከፋው ግን የሰው ጣት ነው፤ ስክሪኑ ላይ የመቶኛ ቁጥር ሲቆጠር እያየ «ቀዝቅዟል» ብሎ በተኑን የሚይዝ።

ማሽኑ ሳይሞት ዝም ብሎ ሲደርቅስ? ፓኒክ ስለሌለ ዳምፕም የለም፤ ሁሉም ወደ እርስዎ ይሮጣል። እዚህ ላይ መላው ኤንኤምአይ ነው፤ ሲፒዩው ችላ ሊለው የማይችለው የሃርድዌር ጥሪ። ‹አንኖውን ኤንኤምአይ ፓኒክ› የሚለው የከርነል ቅንብር አስቀድሞ 1 ከተደረገ፣ በሰርቨሩ የማኔጅመንት ካርድ በኩል ‹አይፒኤምአይቱል ቻሲስ ፓወር ዲያግ› ብሎ መላክ የደረቀውን ማሽን አስደንግጦ ኑዛዜውን ያስጽፈዋል። ከእርስዎ የሚለየው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ የሚቀብሩት ምን እንደሚመስል በጥቂቱ እናሳይዎት። ለንባቡ ‹ክራሽ› የሚባለው መሣሪያ ያስፈልጋል፤ ከእሱ ጋር የዚያው ከርነል ዲቡግኢንፎ (የኮዱን ስሞችና መዋቅሮች የያዘ ፋይል)፣ የቨርዥን ቁጥሩ በአንዲት አሃዝ እንኳ ሳይለይ። ‹ሎግ› ሲባል የመጨረሻዎቹ መስመሮች ይወጣሉ፦ ባዶ ፖይንተር (ፖይንተር የሜሞሪ አድራሻ መያዣ ነው)፣ አድራሻው 28። ይህ በሄክስ (በ16 መሠረት አቆጣጠር) ስለሆነ 40 ነው። ባዶ ከሆነ ዜሮ መሆን ነበረበት፤ 40 ከየት መጣ? ኮዱ «ከመዋቅሩ መነሻ 40 ባይት ገባ ብሎ ያለውን ፊልድ አምጣ» ሲል መዋቅሩ ራሱ አልነበረም። አርአይፒ (ሲፒዩው የደረሰበት የኮድ ቦታ) የሚለው መስመር ከፈንክሽኑ ስም ቀጥሎ 0ኤክስ1ኤ በ0ኤክስ90 ካለ፣ 144 ባይት ርዝመት ያለው ፈንክሽን መነሻው ላይ 26 ባይት እንደተጓዘ ተሰናከለ ማለት ነው። ‹ዲስ› ኮዱን እስከዚያች ነጥብ ይዘረግፋል፣ ዜሮውን የያዘው ሬጂስተር ይታያል። ‹ስትራክት› ደግሞ ኦፍሴት 40 ላይ የተቀመጠው ፊልድ ማን እንደሆነ ይናገራል። ቀሪው ጥያቄ ያን ፖይንተር ማን ባዶ አደረገው የሚል ነው፤ እውነተኛው ሥራ የሚጀምረውም እዚያ ላይ ነው።

ፖይንተሩ 6ቢ6ቢ6ቢ6ቢ እያለ የሚደጋገም ከሆነ፣ የስላብ ዲቡግ (የተለቀቀ ሜሞሪን በዚህ ምልክት የሚሞላ ቅንብር) በርቶ ሳለ ነፃ የተለቀቀ ሜሞሪ ላይ አንድ ሰው ዛሬም እየኖረ ነው፤ የሸጠውን ቤት ቁልፍ ያልመለሰ ማለት ነው። ዜሮ መሆን የነበረበት ፊልድ 4194304 ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ቁጥሩን በሁለትዮሽ ይጻፉት፤ አንዲት ቢት ብቻ፣ ከዜሮ ሲቆጠር 22ኛዋ፣ ተነስታለች። ሶፍትዌር ሲሳሳት እንዲህ በንጽሕና የሚሳሳተው ከስንት አንዴ ነው፤ የሜሞሪ ካርዱንና የሃርድዌር ሎጉን ማየት ያስፈልጋል። በአንድ ዳምፕ ብቻ ካርዱን መኮነን ግን ችኮላ ነው፤ ሁለተኛው ዳምፕ ሌላ ቦታ ላይ ሌላ ቢት ካሳየ ነው ነገሩ የሚጠነክረው። እርስዎ ስንቱን ሁለተኛ ዳምፕ እንደበሉ እርስዎ ያውቃሉ።

በጣም የሚያሳስተው የደረቀ ማሽን ዳምፕ ነው። ‹ሀንግ ታስክ ፓኒክ› በርቶ፣ አንድ ፕሮሰስ ለ120 ሰከንድ ሳይነቃነቅ ቀርቶ ከርነሉ ሲወድቅ፣ ‹ቢቲ› ሲባል መጀመሪያ የሚወጣው ስም ‹ኬሀንግታስክዲ› ነው። እሱ ጯሂው እንጂ ሌባው አይደለም። ሎጉ ላይ ስሙ የተጠራው ፕሮሰስም ብዙ ጊዜ ወረፋ ጠባቂ ነው። ‹ፒኤስ ኤም› እያንዳንዱ ፕሮሰስ ካለበት ሁኔታ ሳይነቃነቅ የቆየበትን ጊዜ ያሳያል፤ ‹ፎርኢች ዩኤን ቢቲ› የተጣበቁትን ሁሉ ስታክ (የፈንክሽን ጥሪ ሰንሰለት) ይዘረዝራል። ከመካከላቸው ሚውቴክስ (የሎክ ዓይነት) የሚጠብቀውን ይዞ የሚውቴክሱን ‹ኦውነር› ማንበብ፤ በአዳዲሶቹ ከርነሎች የታችኞቹ ሦስት ቢቶች ባንዲራ ስለሆኑ እነሱን አጥፍቶ ማንበብ ነው፣ አለዚያ አድራሻው የሌለ ሰው ቤት ይወስዳል። ሎኩን የያዘው ተገኘ? እሱስ ማንን እየጠበቀ ነው? እንዲህ እየተባለ የመጨረሻው ሰው ጋ ሲደረስ አብዛኛውን ጊዜ መልስ ያልሰጠ ስቶሬጅ ፊት ቆሞ ይገኛል። ኦኦኤም (ሜሞሪ አልቆ ከርነሉ ፕሮሰስ ሲገድል) ላይም ያው ነው፤ ገዳዩን የጠራው ፕሮሰስ አንዲት ገጽ የለመነ ምስኪን ሊሆን ይችላል፣ ሜሞሪውን የበላውን ‹ኬሜም አይ› እና ‹ኬሜም ኤስ› ይነግራሉ።

አንድ ማሳሰቢያ ለወዳጆችዎ፦ ዳምፕ በተገኘ ጊዜ ለማንም በኢሜይል አይወርወር። ቢጣራም በውስጡ የምስጠራ ቁልፍና የሰው መረጃ ሊኖር ይችላል።

ከመሰናበታችን በፊት ግን ሐቁን እንናገር። ‹ክራሽከርነል› የምትባለውን መስመር ግራብ (የማስነሻ ፕሮግራሙ) ላይ ከጻፍን በኋላ ሜሞሪው የሚቆረጠው ማሽኑ እንደገና ሲነሳ ብቻ ነው። ስለዚህ ለአንድ ጊዜ፣ በቀጠሮ፣ ቅዳሜ ሌሊት፣ እንዲመጡልን በትሕትና እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለፓወር በተን፣ ለ4 ሰከንድ ተጭነው ለሚይዙት
ለሃርድዌር ዋችዶግ
ለ‹ቫር ክራሽ› ፎልደር፣ ባዶ ስለሆነ ደብዳቤው ቦታ አያጣም