አብሽር ወንድሜ፣ አራቱ ወር አልጠፋም

አራት ወር አቁመህ ለቅሶ ቤት በተሰጠችህ አንዲት ሲጋራ እንደተመለስክ፣ አሁን ደግሞ ከሰኞ ጀምረህ ልትሞክር እንደሆነ የጻፍከውን ደሴ ሆኜ አነበብኩት። አብሽር ወንድሜ! በእነዚያ አራት ወራት ሳንባህ አርፏል። ያለ ሲጋራ መዋል ማደር እንደምትችልም አይተሃል።

እኔ ያቆምኩት በአራተኛው ሙከራዬ ነው። ሦስቴም የወደቅኩት እዚያው ቦታ፣ ጫት ላይ። ምርቃናው ሲመጣ እጄ ራሱ ሲጋራ ይፈልጋል። ስለዚህ በመጨረሻው ጊዜ ሦስት ወር ሙሉ ከበርጫው ቀረሁ። ጓደኞቼ ተቀየሙኝ፣ በኋላ ግን ገባቸው። ያንተስ ለቅሶ ቤት ብቻ ነው ወይስ ቡና ላይም ያምርሃል? እሱን ቀድመህ ለይ።

የመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ይከብዳሉ። ትነጫነጫለህ፣ እንቅልፍም እምቢ ይላል። ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ግን እየቀለለ ይሄዳል። አምሮቱ ሲነሳም አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ደቂቃ አያልፍም። እኔ ያኔ ብድግ ብዬ የሰፈራችንን ዳገት እወጣ ነበር። ቆሎም በኪሴ አይጠፋም።

ለቤተሰብህ ንገራቸው። እኔ ተደብቄ ሳቆም ተደብቄ ነው የጀመርኩት። እሁድ ማታ የቀረችውን ፓኮ ጣላት፣ ላይተሩንም አታስቀር።