ሀምሳ ሩፒዋን ትንሽ ወደ ግራ

ሰሞኑን ደቡብ ህንድ ያለው የድሮ ከተማ ፍርስራሽ፣ ሐምፒ፣ ሄጄ ነበር። ባንጋሎር ከሚማሩ የሀገሬ ልጆች ጋር ማታ ባቡር ተሳፍረን ጠዋት ሆስፔት ወረድን፣ ከዚያ በባጃጅ። ስለ ቤተ መቅደሶቹ ልጽፍላችሁ ነበር ሐሳቤ። ግን እነሱን ማን አያቸው? እኔ ያየሁት ጎብኚውን ነው፤ ምስጋናም የሚገባው ለሱ ነው።

ቦታው በአንድ ወቅት የቪጃያናጋራ መንግሥት ዋና ከተማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1336 ተመሠረተ፣ በ1520 ገደማ የመጣ አንድ ፖርቹጋላዊ መንገደኛ ደግሞ «ሮምን ያክላል» ብሎ ጻፈለት። በ1565 መንግሥቱ ጦርነት ተሸነፈና የዴካን ሱልጣኖች ጦር ገብቶ ለወራት ሲዘርፍና ሲያቃጥል ከረመ። ይሄ ሁሉ ድካም ለካ ለፕሮፋይል ፎቶ ጥሩ ጀርባ ለማዘጋጀት ኖሯል!

መጀመሪያ የቪታላ ቤተ መቅደስን የድንጋይ ሠረገላ ላወድስ። ማለቴ ፊቱ የቆመውን ልጅ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ሀምሳ ሩፒ ከኪሱ አወጣ። ሠረገላው ኖቱ ጀርባ ላይ ታትሟል፣ ስለዚህ ኖቱን እጁን ዘርግቶ ይይዝና ከእውነተኛው ጋር ልክ እንዲገጥም ያደርጋል። ጓደኛው አቧራው ላይ በሆዱ ተኝቶ ያነሳዋል። «ወደ ግራ። ትንሽ ወደ ግራ። ኧረ በዛ!» ሃያ ደቂቃ። ከኋላቸው ሀምሳ ሩፒውን አውጥቶ ተራ የሚጠብቀውን ሕዝብ ብታዩት ባንክ ቤት ነው የሚመስላችሁ።

ሠረገላውን የሚጎትቱ የሚመስሉ ሁለት ትናንሽ ዝሆኖች አሉ። ጠጋ ብሎ ላየ ሰው ከኋላቸው የፈረስ ኋላ እግርና ጭራ ይታያል፤ ድሮ ፈረሶች ነበሩ ማለት ነው፣ ዝሆኖቹ በኋላ የተተኩ ናቸው። ይሄ ኖቱ ላይ ስለማይታይ ማንንም አላስቸገረም።

እዚያው ግቢ ሲመቱ ድምፅ የሚያወጡ 56 ዓምዶች አሉ። መንካት ክልክል ነው። የኛ ጎብኚ ግን የዋዛ አይደለም፤ ጠባቂው ዞር ሲል ጠብቆ በጣቱ አንጓ ኳ ኳ ያደርገዋል፣ ልክ ገበያ ላይ ሐብሐብ እንደሚመርጥ ሰው። ጠባቂው ፊሽካውን ይነፋል፣ ይሄኛው ያንኳኳል፣ ከዚያ ወዲያ ሌላው ይቀጥላል። ባንዱ ሞላ ማለት ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ባርኔጣዬን የማነሳላቸው አራት ወጣቶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 መሆኑ ነው፣ ሱልጣኖቹ ለወራት ለፍተው ያልጨረሱት ሥራ ቢያሳዝናቸው አንድ የቆመ ዓምድ ገፍተው ጣሉት፣ ያውም ሥራቸው ለትውልድ እንዲተላለፍ በቪዲዮ ተቀርጾ። ፍርድ ቤት እንደሆነ ውለታ አያውቅም፤ እያንዳንዳቸውን 70,000 ሩፒ ቀጥቶ ዓምዱንም መልሰው እንዲያቆሙ አደረገ። እስቲ አሁን ለቅርስ የሚያስብ ሰው እንዲህ ይደረጋል?

ማታንጋ ኮረብታም በጨለማ ወጥተናል፣ የፀሐይ መውጫ ለማየት። ፀሐይዋ ወጣች፣ ሁላችንም ባንዴ ጀርባችንን ሰጠናት። ሰልፊ እኮ ሌላ መንገድ የለውም።

መጨረሻ ላይ ቪሩፓክሻ ቤተ መቅደስ ገባን። ይሄኛው ፍርስራሽ አይደለም፣ ዛሬም ይጸለይበታል፣ ጫማ ታወልቃለህ። ከኋላ በኩል አንዲት ጨለማ ክፍል አለች። ብርሃን በትንሽ ቀዳዳ ይገባና ውጭ የቆመው 50 ሜትር ገደማ ግንብ ጥላው ተገልብጦ ግድግዳው ላይ ያርፋል። መስታወት የለ፣ ማሽን የለ፣ ቀዳዳ ብቻ። እኛም ትንፋሻችንን ውጠን ተሰበሰብንና፣ ጥላውን በደንብ ለማንሳት አሥራ አምስት የምንሆን ሰዎች የስልካችንን መብራት ባንዴ አበራን። ጥላው ጠፋ። «የታለ?» አለ አንዱ፣ እየተናደደ። እኔም አብርቻለሁ፣ ልዋሽ አልችልም።

አንድ ሽማግሌ በምልክት አጥፉ አሉን። አጠፋን። ግንቡ ቀስ ብሎ ግድግዳው ላይ ተመለሰ፣ ጫፉ ወደ ታች፣ እግሩ ወደ ላይ። ለትንሽ ጊዜ ማንም አልተናገረም። ከዚያ ከአጠገቤ የነበረው ሰውዬ ሚስቱን በክርኑ ነካ አደረገና፣ «ተገልብጧል እኮ፣ ስልኩን አዙሪው» አላት።