ለእንቁላል ኔቡላ የኦክስጅን ፊልተር አይሆንም
ፕላኔታዊ ኔቡላዎችን (በመሞት ላይ ያሉ ኮከቦች የሚተፏቸውን የጋዝ ደመናዎች) በቴሌስኮፕ ስለማየት የተጻፈው ጽሑፍ «መጀመሪያ የኦክስጅን ፊልተር ግጠሙ» ይላል፤ ይህ ምክር ግን ለበሰሉት እንጂ ገና በመፈጠር ላይ ላሉት አይሠራም። ሲግነስ በተባለው የኮከቦች ስብስብ ያለው የእንቁላል ኔቡላ ማዕከላዊ ኮከብ ሙቀቱ 7000 ኬልቪን ገደማ ብቻ ስለሆነ ጋዙን አዮናይዝ ማድረግ (ኤሌክትሮኖቹን ነጥቆ ራሱ እንዲያበራ ማድረግ) አይችልም፤ የምናየው ከአቧራው ነጥሮ የመጣ የኮከቡን ብርሃን ነው። 501 ናኖሜትር አካባቢን (የኦክስጅንን ብርሃን) ብቻ የሚያሳልፈው የኦክስጅን ፊልተር ደግሞ አብዛኛውን ይህን ብርሃን ያስቀረዋል። የሚያስፈልገው ፖላራይዘር (በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገብ ብርሃን ብቻ የሚያሳልፍ ፊልተር) ነው፤ ከአቧራው የነጠረው ብርሃን በአብዛኛው በአንድ አቅጣጫ ይርገበገባልና! 40 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ መስታወት ባለው ቴሌስኮፕ ከ300 እጥፍ በላይ አጉልታችሁ የኔቡላውን ሁለት ክንፎች ለዩ፤ ሰሜናዊው ይደምቃል። ከዚያ ፖላራይዘሩን በአይፒሱና (በቴሌስኮፑ የዓይን ሌንስና) በዓይናችሁ መካከል ይዛችሁ ቀስ እያላችሁ አዙሩት። 90 ዲግሪ ሲዞር ኔቡላው በጣም ይደበዝዛል፣ ሌላ 90 ሲጨመር ተመልሶ ይደምቃል፤ አጠገቡ ያሉት ኮከቦች ድምቀት ግን አይለወጥም። ፖላራይዘር አዙረው «ኔቡላውም ኮከቦቹም ሁሉም እኩል ጨለመብኝ» ላሉት አስተያየት ሰጪ፦ የያዙት የጨረቃን ብርሃን ለመቀነስ የሚሸጠው፣ ሁለት ፖላራይዘሮች የተደራረቡበት ተለዋዋጭ ፊልተር ይመስለኛል፤ ፈትተው አንዱን ብቻ ይጠቀሙ። ኔቡላውን በ100 እጥፍ ፈልጎ ማጣትም የተለመደ ነው፣ በዚያ ጉላት ደብዛዛ ኮከብ ይመስላልና። እዚያው ሲግነስ ውስጥ ያለው ሚንኮውስኪ 1-92 የተባለ ሌላ በመፈጠር ላይ ያለ ኔቡላ በጣም ትንሽ ስለሆነ ግን የቴሌስኮፑ መስታወት ከውጪው አየር ጋር እኩል ሳይቀዘቅዝ አትሞክሩት።